አባት አይነሳም

በቤታችን «ክብሪት» የሚሉት እኔን ነው። ስሙን ያወጣልኝ አባቴ ነው። በስድስት ዓመቴ፣ ጫማሽን አዟዙረሽ ነው ያደረግሽው ስላለኝ ብቻ ሁለቱንም ጫማ በመስኮት ወርውሬ፣ በካልሲ ትምህርት ቤት ካልሄድኩ ብዬ ቤቱን ያተራመስኩ ዕለት ነው ያወጣልኝ። ቶሎ እነዳለሁ፣ ቶሎም እጠፋለሁ። እጮኛዬ ይህን አመሌን አሳምሮ እያወቀ ነው እንጋባ ያለኝ፤ ኋላ ቢቆጨው የራሱ ጉዳይ ነው።

ቀሚሴን የመረጥኩት በአንድ ከሰዓት ነው። አዳራሹን በስልክ ያዝነው። የሠርጋችንን ፎቶ አንሺ ለመምረጥ ግን ሦስት ሳምንት ፈጀሁ። ዘመድ ወዳጁ ሁሉ «ይቺ ልጅ ምን ነካት?» ይል ጀመር። ምንም አልነካኝም፤ የአባቴ ነገር ነው።

አባቴ ሠላሳ አራት ዓመት በአንድ ማተሚያ ቤት አራሚ ሆኖ ሠርቷል። መጽሐፍም ሆነ የቀን መቁጠሪያ፣ የጥሪ ካርድም ሆነ የመድኃኒት ብልቃጥ ላይ የሚለጠፍ ወረቀት፣ ማሽን ላይ ከመውጣቱ በፊት በእሱ ቀይ እርሳስ ሥር ያልፍ ነበር። ስህተቱ ተለቅሞ ሲያልቅ ከግርጌው «ይታተም» ብሎ ይፈርማል። እሱ ይታተም ሳይል ማሽኑ ንቅንቅ አይልም። ጡረታ ወጥቶም አመሉ አልለቀቀውም፤ የመብራት ቤት ደብዳቤ እንኳ ሳያርም አያስቀምጥም። ልጅ ሳለሁ የጻፍኩለትን የልደት ካርድ ሳይቀር ሦስት ቦታ አርሞ መልሶልኛል። ያን ቀን ክብሪቷ እንዴት እንደነደደች አልነግራችሁም።

ረጅም ሰው ነው። ፎቶ በተነሳን ቁጥር «አንተ ከኋላ ቁም» ስለሚሉት፣ በቤተሰባችን ፎቶ ሁሉ ላይ ከሰው ጭንቅላት በላይ የእሱ ፊት አለ። የዛሬ ሁለት ዓመት ግን አንድ ጧት ጥርሱን ሊቦርሽ እንደሄደ መታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ወደቀ። ስትሮክ ነው አሉን። አንደበቱ ተመለሰ፣ እጁም ተመለሰ፤ እግሮቹ ግን እንደወጡ ቀሩ። ከዚያ ወዲህ በተሽከርካሪ ወንበር ነው የሚንቀሳቀሰው። ከዚያ ወዲህም አንድም ቀን ፎቶ ተነስቶ አያውቅም። ሰው ስልኩን አውጥቶ ሲያነጣጥር፣ ወንበሩን ያዞርና ወደ መስኮቱ ይሄዳል። ውጭ የሚያይ ይመስላል፤ መስኮቱ የሚያሳየው የጎረቤትን ግድግዳ ነው።

የሠርጋችንን ቀን የነገርኩት እዚያው መስኮት አጠገብ ነው። እጄን ያዘኝ።

«አንድ ፎቶ እነሳለሁ» አለኝ። «ካንቺ ጋር። አንድ ብቻ።»

እኔ ከሠርጉ የምፈልገው ያቺን አንዲት ፎቶ ነበር። ሌላው ሁሉ ቢበላሽ፣ አዳራሹ ቢጨልም፣ ሙሽራው ቢያረፍድ ግድ አልነበረኝም። እንዲያው ያቺ ፎቶ ላይ አባቴ አንሶ እንዳይታይብኝ እንጂ። ሦስት ሳምንት ያንከራተተኝ ይኸው ነው።

የመጀመሪያው ፎቶ አንሺ ስቱዲዮ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። እናቴን ይዣት ሄድኩ። እናቴ ልብስ ሰፊ ስለሆነች አልበሙን ስትገልጥ ሙሽሮቹን አታይም፤ ስፌታቸውን ነው የምታየው። «ይቺ ወገቧ ላይ ተሸብሽቦባታል፤ የዚህኛው ትከሻ ወድቋል» እያለች ሰዉን ሁሉ ስታርም፣ ሰውየው ደግሞ ስለሚበር ካሜራውና ሙሽሮቹ እግር ሥር ስለሚለቀው ጭስ ያብራራልኛል። አስጨረስኩትና አባቴ በወንበር እንደሚመጣ ነገርኩት። ችግር የለም አለኝ፤ ከደረታቸው በላይ እንቆርጠዋለን፣ ወንበሩ አይታይም፣ ከተፈለገም ኋላ በኮምፒዩተር እግር እንሠራላቸዋለን።

«መጀመሪያ ለራስህ ጭንቅላት ሥራ» ብዬው ተነሳሁ። እናቴ እጅጌዬን እየጎተተች ሰውየውን ይቅርታ ጠየቀችልኝ፤ ደረጃው ላይ ስንደርስ ግን ሳቋ አመለጣት።

ሁለተኛው ጨዋ ሰው ነበር። አባቴን ዳር ላይ እንደሚያደርገው፣ አበባም ከፊቱ እንደሚያስቀምጥለት በትሕትና አስረዳኝ። አልነደድኩም፤ አመስግኜው ወጣሁና መንገድ ላይ አለቀስኩ። ሦስተኛው የአባቴን ነገር ሳልጨርስለት ሌላ ስልክ አነሳ። ማታ ለእጮኛዬ ስነግረው፣ እሱ ሊፍት ጠጋኝ ነውና፣ «ሰው ማንሳትስ የእኔ ሥራ አልነበር? ምነው ለእኔ በሰጣችሁኝ ኖሮ» አለኝ። በእሱ ቀልድ መሳቅ ካቆምኩ ቆየሁ፤ ያን ቀን ግን ሳቅኩለት።

አራተኛዋን ያገኘናት ከአንድ የጽሕፈት መሣሪያ መደብር ጓሮ ነው። በአንዲት ጠባብ ክፍል የተማሪ ጉርድ ፎቶ፣ የፓስፖርት ፎቶ የምታነሳ ሴት ናት። ስንገባ መሬት ላይ በደረቷ ተኝታለች። አንድ ሕፃን ነጭ ጨርቅ ላይ ተቀምጦ አውራ ጣቱን ይጠባል፤ እሷ ደግሞ ካሜራዋን በዓይኑ ልክ ደግና አውራ ጣቱን እስኪያወጣ ትጠብቃለች። አታጨበጭብለትም፣ አታባብለውም፤ ትጠብቃለች። አውራ ጣቱ ወጣ፤ አነሳችው። ጉልበቷን እያራገፈች ተነስታ ጨበጠችን።

«ሱሪዋ ጉልበቱ ላይ ሁለቴ ተጥፏል» አለችኝ እናቴ በጆሮዬ። «ይቺ ትሁን።»

እኔ ግን የአባቴን ጉዳይ ነገርኳት። ጥግ ላይ የነበረች አጭር በርጩማ ስባ ቁጭ አለችና ከታች ወደ ላይ ታየኝ ጀመር፤ ወዲያው ራሷን ነቅንቃ በርጩማዋን ወደ ጎን ገፋችና መሬት ላይ ተቀመጠች።

«እሳቸው ካልቻሉ እኛ እንቀመጣለን» አለች። «ሙሽራውም፣ ሚዜዎቹም፣ አንቺም ከነቀሚስሽ። እኔም እዚህ። ያን ጊዜ ከሁላችን የሚረዝሙት እሳቸው ናቸው።»

እናቴ ስለ ቀሚሱና ስለ አቧራው ልትናገር አፏን ከፈተችና መልሳ ዘጋችው።

እዚያው ቀብድ ከፈልን። ሴትዮዋ ከሥሩ ካርቦን ያለው ቅጽ ሰጠችኝ፤ ስም፣ ሰዓት፣ ቦታ፣ ማን ከማን ጋር እንደሚነሳ፣ ከታች ደግሞ «ልዩ ማሳሰቢያ» የሚል ሁለት ጣት የማይሞላ ሣጥን። እኔ የምሠራው ላውንደሪ ውስጥ ነው። ቀኑን ሙሉ በሰው ልብስ ላይ ወረቀት ስሰካ ነው የምውለው፤ «ኮት፤ ቁልፍ ጎድሎታል»፣ «ሸሚዝ፤ እድፉ አይለቅም»፣ «መጋረጃ፤ አይተኮስም»። ወረቀቷ ትንሽ ስለሆነች ከሁለት ከሦስት ቃል በላይ አንጽፍባትም። እጄ የለመደውን ጻፈ፤ «አባት አይነሳም»። ሴትዮዋ አነበበችው፣ እሺ አለች፣ ማህተሟን መታችበት፣ ቅጂውን ለእኔ ሰጠችኝ። ልቤ ሞልቶ ወደ ቤት ሄድኩና ቅጂውን ምግብ ጠረጴዛው ላይ ጣል አድርጌ ረሳሁት።

በማግስቱ አባቴ ዝም አለ። ድሮም ወሬኛ አይደለም፤ ይኼኛው ግን ሌላ ዓይነት ዝምታ ነበር። እናቴ ለሠርጉ ኮት እየሰፋችለት ነው። የተቀመጠ ሰው ኮት ከፊት አጠር ካላለ ሆዱ ላይ ይከመራል ብላ፣ እዚያው ወንበሩ ላይ እንዳለ ነበር የለካችው። ያን ቀን ልትለካው ስትመጣ፣ ይቆይ፣ አትቸኩዪ አላት። እኔ ድካም መሰለኝ።

ረቡዕ ዕለት ፎቶ አንሺዋ ደወለች። የአባቴን ሸሚዝ እየተኮስኩ ስለነበር ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጌ አጠገቤ አስቀመጥኩት። አባቴ ከጎኔ ሻይ ይጠጣል። ሰዓቱን አረጋገጥን፣ መብራቱ የት እንደሚቆም ተነጋገርን።

«ስለ አባትሽ ደግሞ አታስቢ» አለችኝ። «መብራት የሚይዘውንም ሰውዬ አስጠንቅቄዋለሁ፤ በምንም ምክንያት እንዳይነሱ።»

«ተባረኪ» አልኳት። «እኔንም የጨነቀኝ እሱ ነበር።»

አባቴ ሻዩን ሳይጨርስ አስቀመጠው። ወንበሩን አዞረና ወደ መስኮቱ ሄደ። ልብ አላልኩም፤ የሸሚዙ ኮሌታ አስቸግሮኝ ነበር።

ዓርብ ጧት ከቤት ልወጣ ስል፣ እናቴ ማሽኗ ላይ አቀርቅራ፣ አባትሽ አልሄድም እያለ ነው አለችኝ። የት ነው የማይሄደው? ሠርጉ። ቤት የሚጠብቅ ሰው ያስፈልጋል ብሏል። ቤታችን የሚሰረቅ ነገር ቢኖረው የልብስ ስፌት ማሽኗ ናት፤ እሷንም ሁለት ሰው ካልተሸከማት አትንቀሳቀስም። ደሜ ፈላ። እንደ ቆምኩ ወደ እሱ ሄድኩ።

«ቃል ገብተህልኝ ነበር» አልኩት።

«እኔ ቃሌን አላጠፍኩም» አለ በቀስታ፣ ግድግዳውን እያየ።

«ታዲያ ማን ነው ያጠፈው?»

ዝም አለ። እኔ ደግሞ ዝምታ ይበልጥ ያነደኛል። «እንደፈለግህ። ያለ አንተም ይደረጋል» አልኩት። በሩ ከኋላዬ ሳይዘጋ ነበር የጸጸተኝ፤ ቢሆንም ዘግቼው ሄድኩ።

ያን ቀን ላውንደሪው ውስጥ የሰው ልብስ ስቀላቅል ዋልኩ። የአንዱን ሱሪ ለሌላው ሰካሁ፣ ነጭ ሸሚዝ ላይ «ጥቁር» ብዬ ጻፍኩ። እጮኛዬ ደውሎ ድምፄን ሲሰማ ምን ሆንሽ አለኝ። አባቴ በራሱ ያፈረ መሰለኝ አልኩት፤ ያለ እግሩ ሰው ፊት ከሚወጣ የልጁ ሠርግ ቢቀርበት መረጠ። እጮኛዬ አልቀለደም። ሄደሽ አነጋግሪው አለኝ፤ ሳትነጂ ግን። አለቃዬን አስፈቅጄ በዘጠኝ ሰዓት ወጣሁ።

ቤት ስደርስ እናቴ የኮቱን ገበር እየገጠመች ነው። አልሄድም ያለን ሰው ኮት ለምን ትሰፊያለሽ አልኳት። «እሱ ይተወው እንጂ እኔ ምን አግብቶኝ እተወዋለሁ» አለችኝ፤ ክሯን በጥርሷ በጠሰች። ከአባቴ ጋር ከመነጋገሬ በፊት ፎቶ አንሺዋ ዘንድ የያዝነውን ሰዓት ልይ፣ ምናልባት መሰረዝም ይመጣ ይሆናል ብዬ ቅጂውን ፈለግሁ። ጠረጴዛው ላይ የለም። አባትሽ ወረቀቶቹ መሀል ከትቶታል አለችኝ። አባቴ ከማተሚያ ቤት ይዟት የወጣ አንዲት የካርቶን ሣጥን አለችው፤ የሚያስቀምጠውን ሁሉ እሷ ውስጥ ነው የሚያስቀምጠው። ከፈትኳት፤ ከላይ ነበር።

እንደሚሆን አውቄው ነበር፤ ታርሟል። «ሰርግ» ብዬ የጻፍኩትን «ሠርግ» አድርጎታል። የእጮኛዬን አባት ስም አንድ ፊደል ቀይሮለታል። የአዳራሹ ስም ላይ ሁለት ነጥብ ጨምሯል። ታች ስደርስ፣ «አባት አይነሳም» ከሚለው ሥር በማስመሪያ የተሰመረች ቀጭን ቀይ መስመር አለች። ሌላ ምንም የለም። ፊደል አልጎደለ፣ ነጥብ አልጎደለ፣ የሚታረም ነገር አላገኘበትም። ከሁሉም በታች በዚያ በማውቀው እጅ ጽሑፍ «ይታተም» ብሎ ፈርሟል።

አንድ ጊዜ እኔ እንደጻፍኩት አነበብኩት። ሁለተኛ ጊዜ እሱ እንዳነበበው አነበብኩት።

«እንዳይነሱ» ያለችኝ ሴትዮ፣ «ተባረኪ» ያልኳት እኔ፣ «ያለ አንተም ይደረጋል» ያልኩት እኔ፤ ሁሉም በአንድ ላይ መጣብኝ። ፊደል ያስቆጠረኝ፣ እጄን ይዞ ያስጻፈኝ ሰው፣ በዚያው ባስተማረኝ እጅ ጽሑፍ አባቴ ፎቶ ላይ እንዳይገባብኝ ብዬ የጻፍኩ መስሎት ሦስት ቀን ተቀምጧል። ተቀምጦም አንድ ቃል አልተናገረኝም።

መስኮቱ ዘንድ ሄጄ እግሩ ሥር መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ አስቀመጥኩለት።

«አባዬ፣ ይቺን መስመር አንብብልኝ።»

«አንብቤያታለሁ።»

«ጮክ ብለህ።»

መነጽሩን አደረገ። «አባት አይነሳም» አለ፤ ለሥራ ባልደረባው እንደሚያነብ፣ ያለ ምንም ስሜት።

«ከወንበሩ» አልኩት። «ከወንበሩ፣ አባዬ። ከወንበሩ አይነሳም። ማንም ተነስ፣ ቁም፣ እያለ እንዳያስቸግርህ ብዬ ነው። ለአንተ ብላ ሰዉን ሁሉ መሬት ላይ ልታስቀምጥ ነው እኮ ሴትዮዋ።»

አላየኝም። ወረቀቱን ወደ ዓይኑ አስጠጋው፣ መልሶ አራቀው። ከንፈሩ ያቺኑ ሁለት ቃል ደጋግሞ ሲላት አየሁ። ቀስ በቀስ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ የሚስቅ መስሎኝ እኔም ልስቅ ስል እንባው መነጽሩ ሥር ሲወርድ አየሁት። ከዚያ ግን በእርግጥ ሳቀ።

«ሠላሳ አራት ዓመት» አለ መነጽሩን እያወለቀ። «ሠላሳ አራት ዓመት ስንቱን ሳርም ኖሬ…»

«ምነው ታዲያ አልጠየቅኸኝም?»

«ያፈርሽብኝ መስሎኝ።»

«እና ይታተም ብለህ ፈረምህበት?»

«ሠርጉ ያንቺ ነው፤ ጽሑፉም ያንቺ ነው» አለኝ። «አራሚ ፊደል ያርማል እንጂ የጸሐፊውን ሐሳብ አይነካም።»

ግንባሬን ጉልበቱ ላይ አድርጌ አለቀስኩ። ጉልበቱ እንደማይሰማው አውቃለሁ፤ እጁን ግን አናቴ ላይ አሳረፈ። ጧት ያልኩትን ነገር ይቅር እንዲለኝ ጠየቅሁት። ክብሪት መሆኔን እሱ ራሱ እንደመሰከረ፣ ስሙንም በከንቱ እንዳላወጣልኝ ነገረኝ። የማሽኑ ድምፅ ቆሟል፤ እናቴ ኮቱን ክንዷ ላይ አንጠልጥላ በሩ ላይ ቆማለች። ምን ያህል እዚያ እንደቆመች አላውቅም።

«ልትለካው ነው ወይስ ልመልሰው?» አለችው።

«እርሳሴን አምጪልኝ መጀመሪያ» አላት።

አመጣችለት። ወረቀቱን የወንበሩ ክንድ ላይ ዘረጋና ሥራ ያዘ። ሁለት ትርጉም ያለውን ቃል ብቻውን ትቶ መሄድ የሰነፍ ጸሐፊ ሥራ ነው እያለ፣ ልብስና ሰው አንድ ዓይነት ወረቀት አይለጠፍባቸውም እያለ፣ ተቆጣኝ፤ በቁጣው ደስ አለኝ። «ይታተም» ያለውን ሰረዘ። ቀይ መስመር ያሰመረባቸውንም ሁለት ቃላት ሰረዘ። ከላያቸው በደቃቅ ፊደል «አባት ቁጭ ብሎ ይነሳል» ብሎ ጻፈ።

እርሳሱን አስቀመጠ። አየው። መልሶ አነሳና «ይነሳል» ከሚለው በፊት አንድ ቃል ለማስገባት ምልክት አደረገ። የሚያስገባው ቃል ምን እንደሆነ አንገቴን አስግጌ አየሁ፤ «ደጋግሞ» ይላል።

ከግርጌው እንደገና «ይታተም» ብሎ ፈረመ።